ከፍ ላለ ሂሉክስ ፍሬን፦ ዲስክ ከመግዛትህ በፊት ከሥሩ ግባ

ሰላም ወንድሜ። የ1991 ሞዴል ሂሉክስህን ባሌስትራ ጨምረህ ከፍ ካደረግከው፣ ከ29 ኢንች ወደ 33 ኢንች ጎማ ከቀየርክ ወዲህ ፍሬኑ እንደደከመብህ ጽፈሃል። የኋላውን ታምቡሮ (ከበሮ መሳዩን ፍሬን) አውጥቼ ዲስክ ላድርገው ወይ ነው ጥያቄህ። እኔም እንዳንተው ያለ መኪና አለኝ። እባክህ ብርህን አሁኑኑ እንዳታወጣ።

የእኔው ፍሬን መድከሙ የታወቀኝ ዓባይ በረሃ ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ፔዳሉ እየለሰለሰ መጣ፣ ከዚያ ወለሉ ድረስ ገባ። በአንደኛ ማርሽና በእጅ ፍሬን እንደምንም ዳር ይዤ አቆምኩ። የፊት ጎማዎቹ ጋ የፓስቲሊያው (ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዘው የፍሬን ሸራ) ሽታ አያስቀርብም። የኋላው ታምቡሮ ጋ እጄን ጠጋ ባደርግ ግን ለብ ከማለት አላለፈም። መኪናውን ሲያቆም የኖረው የፊቱ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ከሥሩ ስገባ ምክንያቱን አገኘሁት። ከኋላ አክስሉ በላይ ሻሲው ላይ አንድ ቫልቭ አለ። በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። ስትጭን ሻሲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጉ የቫልቩን ክንድ ይገፋል፣ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቀቃል። ባዶ ስትሆን ግፊቱን ይቀንሳል። ባሌስትራ ጨምረህ ሻሲውን ከአክስሉ ስታርቀው ግን ክንዱ ወደ ታች ተጎትቶ ይቀራል። 10 ኩንታል ጭነህ እንኳ ቫልቩ ባዶ ነህ ብሎ ያስባል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። መኪናውን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካደረግከው፣ የዘንጉን የታችኛው መያዣም 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አስደርገው። ጥሩ በያጅ በግማሽ ቀን ይሠራልሃል። ቫልቩን አውጥተን ቱቦውን በቀጥታ እናገናኘው የሚልህን መካኒክ አትስማ። እኔ ሰምቼ ነበር። በዝናብ፣ ባዶ መኪና እየነዳሁ ፍሬን ስይዝ የኋላው ነከሰና ጭራው ዞረብኝ። በማግስቱ አስመለስኩት።

እዚያው ሳለህ ሻሲውን በክሪክ አንሳና አክስሉን አንጠልጥለው። ለኋላ ፍሬን ዘይት የሚወስደው የላስቲክ ቱቦ እንደ ክር ከተወጠረ ረዘም ያለ ግዛ።

የፍሬን ዘይቱንም ቀይር። ፔዳሌ ወለል የገባው ዘይቱ ስለፈላ ነው፤ እንፋሎት ይጨመቃል፣ ዘይት አይጨመቅም። አዲስ ዶት 3 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ጀምሮ ነው። እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ደግሞ 230 እና 155 ነው። ከዶት 3 ወደ 4 መሄድ ይቻላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፣ ከእነዚህ ጋር አይቀላቀልም።

ይህን ሁሉ ጨርሰህ አሁንም ካልበቃህ፣ ያኔ ወደ ፊቱ ሂድ። ጎማህ በመተለቁ ብቻ መሬት ላይ ከሚደርሰው የፍሬን ኃይል 12 በመቶ ያህል አጥተሃል። በመሃሉ አየር የሚያሳልፍ ወፍራም ዲስክ ከነካሊፐሩ (ፓስቲሊያውን ከሚገፋው መያዣ ጋር) ፈልግ። ካሊፐሩ ተለቅ ካለ ማስተሩም (በፔዳሉ የሚገፋው ዋናው የዘይት ፓምፕ) መተለቅ አለበት፣ አለዚያ ፔዳሉ ይረዝምብሃል። ማስተሩን ብቻ ከ22 ወደ 25 ሚሊ ሜትር ብትቀይር ግን ለእግርህ ወደ 30 በመቶ ይከብዳል። እግርህን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት መሆኑን አትርሳ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ያንሳል፣ እገዛውም ይቀንሳል። ናፍጣ ከሆነ ከዲናሞው ጀርባ ያለችውን አየር መሳቢያ ፓምፕ አስፈትሽ፤ እሷ ከደከመች የቱም ዲስክ አያድንህም።

የኋላውን ታምቡሮ ግን ተወው። በደንብ ከተስተካከለ ይበቃል፣ እጅ ፍሬኑም እዚያው ነው።

ከፍሬን መስመሩ አየር ስታስወጣ ከአራቱ ጎማ ሌላ ቫልቩ ላይም አንድ ማስወጫ ቡሎን አለ። ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሁለት ቀን ፔዳሌ አልጠነክር ብሎ ያስቸገረኝ እሱ ነበር።