በሁለት ግንብ መሃል 80 ሜትር

ጥያቄ፦ ግንባታው ገና ያላለቀ መንደር ውስጥ ቤት ገዝተን ከገባን ስምንት ወራችን ነው። ስንገዛ ባሳዩን ሳይት ፕላን ላይ ከብሎካችን ጎን ተነስቶ አውቶቡስ ፌርማታው የሚያደርስ የእግረኛ መተላለፊያ ነበር፤ 80 ሜትር ቢሆን ነው። አሁን ጎረቤቶቼ «ሌባ ያስገባብናል፣ ይዘጋ» ብለው ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። አልሚው ደግሞ ለማስማማት ብሎ ስፋቱን ወደ 1.2 ሜትር አጥብቦ፣ ግራና ቀኙን በግንብ ያጠረበት አዲስ ንድፍ ይዞ መጣ። ከተዘጋ በዋናው በር ዞሮ መሄድ 650 ሜትር ነው። እናቴ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። እውነቱን ለመናገር ሌባውንም እፈራለሁ። በስብሰባው ለየትኛው እጄን ላውጣ? (ሁለት ልብ የሆንኩ)

መልስ፦ ለሁለቱም አያውጡ። ከሁለቱ የባሰው የቱ ነው ካሉኝ ደግሞ፣ ማስታረቂያ መስሎ የቀረበው የአልሚው ንድፍ ነው። ጎረቤቶችዎ የፈሩትን ነገር በግንብ የሚሠራላቸው እሱ ነው።

እስቲ አምሽተው ሲገቡ መሃሉ ላይ የደረሱ ያህል ያስቡት። ከፊት የማይወዱት ሰው ቢመጣ ገለል የሚሉበት የለም፤ መውጫው 40 ሜትር ወደኋላ ነው። ቢጮኹ ብቅ የሚልበት መስኮት የለም። ሁለት ዊልቸር ለመተላለፍ 1.8 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ አንዱ ዊልቸር ባለበት ዞሮ ለመመለስ እንኳ 1.5 ሜትር ግድ ነው። እናትዎ መሃል ላይ የሕፃን ጋሪ የሚገፋ ሰው ቢገጥማቸው አንዳቸው እስከ ጫፍ የኋልዮሽ ሊሄዱ ነው። ይህን የሳለው ባለሙያ እሱ ራሱ የሚያልፍበት አይመስለኝም።

ስለ ሌባው ጎረቤቶችዎ ዝም ብለው አልፈሩም። ግን መንገድን አስፈሪ የሚያደርገው የሚያየው ሰው ማጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የተመሠረተችውን የራድበርን መንደር አርክቴክቶቹ ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት ሲነድፏት የእግረኛውን መንገድ ከመኪናው ለይተው፣ ቤቶቹን ፊታቸውን ወደ እግረኛውና ወደ መናፈሻው አዞሯቸው። ሐሳቡ በኋላ በብሪታንያና በአውስትራሊያ ብዙ ተቀዳ። ሲቀዳ ግን በየቦታው መተላለፊያው በረጃጅም አጥሮች መሃል የሚሄድ የጓሮ መንገድ ሆነ፤ ሰው መሸሽ ጀመረ፣ አንዳንዱም በመጨረሻ ተዘጋ። የእርስዎ አልሚ ያቀረበው ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በስብሰባው ሦስተኛ ሐሳብ ያቅርቡ። ስፋቱ 3 ሜትር ይሁን። አጥሩ እስከ ወገብ ግንብ፣ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ብረት ይሁን። አንዱ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ሌላውን ጫፍ እንዲያይ መንገዱ ቀጥ ያለ ይሁን፤ መብራቱም የፊት መልክ የሚያስለይ ይሁን። «ማታ ማታ በቁልፍ ይዘጋ» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። አቋራጩን አጥብቆ የሚፈልገው ግን አምሽቶ የሚገባው ሰው ነው። ቁልፉስ ማን ዘንድ ሊያድር ነው?

ቀጥ ያለ ይሁን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። ሳይት ፕላን በመሳል ስኖር አንድ ጊዜ ትራንስፎርመር ለመሸሽ ብዬ መተላለፊያውን በማዕዘን አጠፍኩት። ወረቀቱ ላይ አምሮ ነበር። ሰዉ ግን ማዕዘኑን ትቶ ሣሩን ሰንጥቆ አለፈ። አበባ አስተከልኩበት፤ ተራመዱት። በመጨረሻ ንጣፉን ያነጠፍነው እግራቸው የሳለው መስመር ላይ ነው። የእናንተ መንደር ገና ስላላለቀ የግንባታ ሠራተኞቹ ማታ ሲወጡ በየት እንደሚያቋርጡ ልብ ይበሉ።

ሳይረፍድ የሚጠየቅ ሌላ ነገር አለ፦ ከጫፍ ጫፍ መሬቱ ስንት ሜትር ይዘቀዝቃል? 4 ሜትር ቢሆን እንኳ በ80 ሜትር ላይ እኩል ከተከፋፈለ በየ20 ሜትሩ 1 ሜትር ነው፤ ደረጃ አያስፈልገውም። ችግሩ ለብሎኮቹ መሬቱ ተቆርጦ ከተደለደለ በኋላ ቁልቁለቱ ሁሉ አንድ ቦታ መከማቸቱ ነው። ያኔ «ደረጃ ከመሥራት በቀር መላ የለም» ይሏችኋል። ራምፕ ቢሠራም ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ ከዚያ ካጠረ ዊልቸር ለሚገፋ ሰው ዳገቱ ይከብዳል። እናም ስለ ከፍታው ዶዘሩ ሳይገባ ይነጋገሩ።

ወረቀቱንም ያጣሩ። የሽያጭ በራሪ ወረቀት ላይ ያለ ሥዕል አልሚውን ብዙ አያስጨንቀውም፤ ከግንባታ ፈቃዱ ጋር የጸደቀው ሳይት ፕላን ግን ሌላ ነው። መተላለፊያው እዚያ ካለ የጎረቤት ፊርማ ብቻውን ይሰርዘዋል ብዬ አላምንም፤ ያጸደቀው አካል ዘንድ ሄደው ይጠይቁ። ቦታው የጋራ ይዞታ ተብሎ ይመዝገብ ወይስ በአንዱ ብሎክ ካርታ ውስጥ ይግባ፣ እሱንም ይዩ። የተቃውሞ ሐሳብዎ በቃለ ጉባኤው ካልሰፈረ ተቃውሜያለሁ አይበሉ።

ጎረቤቶችዎን ለማሳመን ግን ቁጥር መደርደር አይበጅም። 650 ሜትር በእግር 9 ደቂቃ ነው ቢሏቸው መኪና ያለው ሰው አይደነግጥም። ሜትር ይዘው ይሂዱ። አዳራሹ ውስጥ ሁለት ጠረጴዛ 1.2 ሜትር አራርቀው ያቁሙ፤ እናትዎ በወዲህ ይግቡ፣ የአልሚው ተወካይ የሕፃን ጋሪ እየገፋ በወዲያ ይምጣ።