ቲልትሮተር፦ የጠየቃችሁንና መልሳችን

ጥያቄ፦ ቲልትሮተር (ሮተሩን፣ ማለትም ተሽከርካሪ ክንፉን፣ የሚያዘነብል አውሮፕላን) የሆነው ኦስፕሬይ በቁሙ ተነሥቶ ወደ አውሮፕላን የሚለወጠው እንዴት ነው? ሞተሩ ቢጠፋስ?

መልስ፦ አብራሪው በግራ እጁ የኃይል መቆጣጠሪያውን ይይዛል፤ እዚያው ላይ በአውራ ጣት የምትሽከረከር ትንሽ ጎማ አለች። በክንፎቹ ጫፍ ያሉትን የሞተር ቤቶች የምታዘነብለው እሷ ናት፦ ቀጥ ሲሉ 90 ዲግሪ፣ ሲጋደሙ 0፤ ወደ ኋላም እስከ 97.5 ድረስ ይሄዳሉ። ለእያንዳንዱ ዲግሪ የተፈቀደ ዝቅተኛና ከፍተኛ ፍጥነት አለ። ፍጥነት ሳይጠራቀም ቶሎ ከተጋደሙ ክንፉ ክብደቱን ገና አልተሸከመምና ከፍታ ይጠፋል።

ተጋድመው ግን ማረፍ አይታሰብም። የሮተሩ ስፋት 11.6 ሜትር ስለሆነ መሬት ይመታል።

በክንፉ ውስጥ የሚያልፍ ዘንግ ሁለቱን ሮተሮች ያገናኛል፤ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው ሁለቱንም ያዞራል። ከባድ ጭነት ይዞ በአየር ላይ ቆሞ ከነበረ ግን የአንድ ሞተር ጉልበት ላይበቃው ይችላል።

ጥያቄ፦ ለምን ይወድቃል?

መልስ፦ ምክንያቱ አንድ አይደለም። ሚያዝያ 2000 (እ.ኤ.አ.) አሪዞና ውስጥ 19 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ወታደሮች የሞቱት አውሮፕላኑ ወደ ፊት እምብዛም ሳይጓዝ በፍጥነት ሲወርድ ነው። ሮተሩ ራሱ የገፋው አየር ውስጥ ገብቶ ማንሣት ያቆማል። ሄሊኮፕተር ላይ ይህ ሲደርስ ቁልቁል መስመጥ ነው፤ ቲልትሮተር ላይ ግን አንዱ ጎን ቀድሞ ስለሚለቅ መገልበጥ ይመጣል። ስለዚህ ፍጥነቱ ከ40 ኖት (በሰዓት 74 ኪ.ሜ. ገደማ) በታች ሲሆን በደቂቃ ከ800 ጫማ በላይ መውረድ ተከልክሏል። መውጫው ሞተሮቹን ወደ ፊት ማዘንበል ነው።

ሁለተኛው ጣጣ የሞተሩን ጉልበት ለሮተሩ የሚያደርሰው ማርሽ ሳጥን ነው። ኅዳር 2023 ጃፓን፣ ያኩሺማ ደሴት አጠገብ 8 ሰዎች ያለቁት በግራው ማርሽ ሳጥን ውስጥ አንድ ጥርሳማ ማርሽ ተሰንጥቆ ነው። በዘይቱ ውስጥ የብረት ፍንካች መኖሩን የሚጠቁም መሣሪያ ደጋግሞ አስጠንቅቆ ነበር። እኛን ከጠየቃችሁን፣ እንዲህ ያለ ምልክት ሲደጋገም ቅርብ ያለው ማረፊያ ላይ መውረድ እንጂ ጉዞ መቀጠል አይገባም። ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያያይዘው ፍሪሲዮንም ለአፍታ ተንሸራትቶ በድንገት ሲይዝ ዘንጉን ይጎዳል፤ ከ2023 ጀምሮ ክፍሉ 800 የበረራ ሰዓት ሲሞላው እንዲቀየር ታዟል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለየትኛው ግዳጅ ይጠቅማል?

መልስ፦ ሩቅ ሄዶ፣ አስፋልት በሌለበት አርፎ፣ ቶሎ ለሚመለስ ሥራ። በመጋቢት 2011 (እ.ኤ.አ.) ሊቢያ ውስጥ የወደቀውን የኤፍ-15 ተዋጊ ጄት አብራሪ ከባሕር ላይ ተነሥቶ ያመጣው ኦስፕሬይ ነው። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር እስከ 24 ወታደር ያጓጉዝበታል፤ አየር ኃይሉ ለልዩ ዘመቻ፣ ባሕር ኃይሉ ወደ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ዕቃና ሰው ለማድረስ ይጠቀሙበታል።

የማይመቸውም አለ። ክብደቱ በጠባብ ሮተሮች ላይ ስለሚያርፍ ወደ ታች የሚነፋው ነፋስ ኃይለኛ ነው፤ ሰው በገመድ መጎተት ያስቸግራል፣ ደረቅ መሬት ላይ ደግሞ አቧራው አብራሪውን ያሳውረዋል። የሞተሩ ጭስ የመርከብ ወለል ያግላል። አጃቢ ጉዳይም አለ፦ ተዋጊ ሄሊኮፕተሮች በፍጥነት አይደርሱበትም፣ የራሱ መሣሪያም ጥቂት ነው። አዲሱ ቲልትሮተር ቪ-280 የሙቀቱን ችግር ያቃለለው ሞተሩን ጋደም አድርጎ በመተው ነው፤ የሚዘነብለው ሮተሩና የፊቱ ማርሽ ብቻ ነው።