የኮሎው ከረጢት ደብረ ታቦር ሲደርስ ለምን ይነፋል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላይ የገብስና የለውዝ ኮሎ በ100 ግራም በላስቲክ አሽጌ ደብረ ታቦር ላሉ ሱቆች እልካለሁ። እዚያ ሲደርስ ከረጢቱ ይወጠራል፣ አንዳንዱም አፉ ይላቀቅና ኮሎው ይለሰልሳል። እንደ ቺፕስ ናይትሮጅን ልሙላበት?

መልስ፦ ለናይትሮጅን ገንዘብ አያውጡ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ታቦር 2,700 አካባቢ። መኪናው ወረታን አልፎ ዳገቱን መውጣት ሲጀምር የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ የታሸገው አየር ደግሞ ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል። ናይትሮጅንም ያው ይሰፋል። ቺፕስ ውስጥ ናይትሮጅን የሚሞላው ኦክስጅን ዘይቱን እንዳያበላሽና ስሱ ድንች እንዳይደቅ ነው፤ ኮሎ መች ይደቃል!

ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት ከረጢቱን በመዳፍዎ ቀስ ብለው ተጭነው አየሩን ያስወጡ። ከታሸገ በኋላ የፊቱን ላስቲክ በሁለት ጣት ቆንጥረው ማንሳት ካልቻሉ አየሩ በዝቷል።

ይሁን እንጂ በደንብ የተዘጋ ከረጢት ለዚህ ብቻ ብሎ አይላቀቅም። ዋናው ጥፋት አፉ ላይ ነው። ጨው፣ የለውዝ ልጣጭ ወይም የዘይት ወዝ በሁለቱ ላስቲኮች መካከል ከገባ ሙቀቱ አያጣብቃቸውም። ወፍራም ወረቀት ጠቅልለው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ያስገቡና በእሱ በኩል ይሙሉ፤ አፉን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። የማሸጊያው መብራት እንደጠፋ ክንዱን አያንሱ፤ ላስቲኩ ገና ትኩስና ለስላሳ ነው፣ 2 ወይም 3 ሰከንድ ተጭነው ያቆዩት። ከዚያ ከመጀመሪያው መስመር 5 ሚሊ ሜትር ርቀው ሁለተኛ መስመር ይድገሙ። መስመሩ ከተቀደደ ወይም ከተሸበሸበ ሙቀቱን ይቀንሱ፤ በጣት ሲስቡት በቀላሉ ከተላቀቀ ይጨምሩ። ኃይል ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰዓት የጠዋቱ ልክ ለማታ ላይሆን ይችላል። የማሸጊያውን ሽቦ የሚሸፍነው የቴፍሎን ጨርቅ ከተቃጠለም ሙቀቱን ያዛባልና ይቀይሩት።

ከየዙሩ አንድ ከረጢት ውኃ ውስጥ ነክረው ይጫኑት፤ አረፋው የወጣበት ቦታ ነው አየር የሚያስገባው።

አፉ ሳይከፈት የሚለሰልስ ካለ ኮሎው ሞቅ እንዳለ ታሽጓል፣ አለዚያም በሐምሌና በነሐሴ እርጥበት ተከፍቶ አድሯል። ክዳን ባለው ዕቃ አቀዝቅዘው ያሽጉ። ስስ ላስቲክም እርጥበት ያሳልፋል፤ 80 ማይክሮን (0.08 ሚሊ ሜትር) አካባቢ ውፍረት ያለውን ይግዙ። ለውዙ ግን ሱቅ ላይ ወራት የሚቆይ ከሆነ ላስቲክ ኦክስጅንም ብርሃንም አይከለክልለትም፤ ለእሱ ውስጡ አሉሚኒየም የተለበጠውን ይጠቀሙ።