የሌንስ መምሪያ መጽሐፍ ላስመጣ ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ኒኮን ዲ3400 ካሜራ ከ18-55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር አለኝ፤ ሁለተኛ ሌንስ ከመግዛቴ በፊት የኒኮን ሌንሶችን አንድ በአንድ የሚገመግም ወፍራም መጽሐፍ ከውጭ ላስመጣ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ሠርግና ክርስትና በማንሳት ነው የምተዳደረው፤ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትም ገዝቼ አንብቤያለሁ። እሱን አታስመጪ። ስለ ሌንስ ማንበብ ግን አትተዪ።

ገበያ ላይ ያሉትን ሌንሶች እየዘረዘረ ደረጃ የሚሰጥ መጽሐፍ ቶሎ ያረጃል። ኒኮንም ካነንም በ2018 ለሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት ለሌላቸው) ካሜራዎቻቸው አዲስ የሌንስ ማውንት፣ ማለትም ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚገጥምበትን ቀለበት፣ ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት የታተመ ዝርዝር ስለነሱ አንድም ነገር የለውም። ሌንስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ መጽሐፍ ግን ሃያ ዓመት ቢሞላውም ያስተምርሻል። ብርሃኑ ያው ብርሃን ነዋ! ከተገኘ አሮጌውን በርካሽ ግዢ።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። ያንቺ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ) ከ5.6 በላይ አይከፈትም፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቀዳዳው ይሰፋል። 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ሌንስ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲደርስ ሹተርሽ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) በ5.6 ወደ 1/15 ሰከንድ ከወረደ፣ በ1.8 1/125 ማድረስ ትችያለሽ። ካህኑ አክሊሉን ሲደፉ እጃቸው አይደበዝዝም። ዋጋም ያስከፍላል፦ ከሁለት ሜትር ላይ በ1.8 ስታነሺ ጥርት ብሎ የሚወጣው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሙሽራዋ ላይ ፎከስ አድርገሽ ሙሽራው ትንሽ ወደ ኋላ ካለ፣ እሱ ይደበዝዛል። ይሄን የተረዳ ሰው የትኛውንም ሌንስ ራሱ መገምገም ይችላል።

ደግሞ ዋናውን ነገር የካሜራሽ ማኑዋል በነፃ ይነግርሻል። ዲ3400 ቦዲው ውስጥ የፎከስ ሞተር የለውም። የድሮውን 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ዲ ብትገዢ ይገጥማል፣ ኦቶፎከስ ግን አያደርግልሽም፤ በእጅሽ እያዞርሽ ነው የምታጠሪው። 50 ከፈለግሽ ሞተሩ ሌንሱ ውስጥ ያለውን፣ ኤኤፍ-ኤስ (AF-S) የተጻፈበትን ውሰጂ። ሻጮች ይሄን ሁልጊዜ አይነግሩሽም።

ያገለገለ ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት የስልክሽን መብራት ከኋላ አብሪበትና ከፊት በኩል አጮልቂ። እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፤ መልሺለት። ትንሽ አቧራ ግን አያስጨንቅሽ።

የትኛው ሌንስ ይሻልሻል ለሚለው፣ እስካሁን ያነሳሻቸውን ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ ክፈቺ። መረጃቸው ውስጥ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሱ ተጽፏል። አብዛኛው 50 አካባቢ ከሆነና ብርሃን እያጠረሽ ከሆነ 50ውን ያዢ። ብዙ ጊዜ ጠባብ ሳሎን ውስጥ የምታነሺ ከሆነ ግን 50 በዚህ ካሜራ ላይ እንደ 75 አጥብቦ ስለሚያይ ጀርባሽን ከግድግዳ ያጣብቅሻል፤ 35 ይሻላል። ለመጽሐፉ ባሰብሽው ብር ሁለቱንም ለአንድ ቀን ተከራይተሽ ሞክሪ። የምታነሺው በብዛት የት እንደሆነና በምን ብርሃን እንደሆነ ጻፊልኝ፣ ለይቼ እመልስልሻለሁ።