ዲሲን በመኪና ዞሮ ለማየት ከዳላስ ለምትመጪው እህት

የጠየቅሽው ይሄን ነው፦ ከባለቤትሽና ከልጆችሽ ጋር ከዳላስ ወደ ዲሲ ልትዛወሩ አስባችኋል፣ ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት መኪና ይዛችሁ ሰፈሮቹን ማየት ትፈልጋላችሁ፣ ለእንግዳ ሰው ከተማው ምን ይመስላል፣ የት የት እንዙር ነው። እኔም ከጋርላንድ ነው የመጣሁት፤ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነን። ስለዚህ በቴክሳስ ዓይን ያየሁትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ የሚገርምሽ ከተማው ዝቅ ማለቱ ነው። የዳላስን ፎቅ ለምዶ የመጣ ሰው «ዳውንታውኑ የታለ?» ይላል። ፎቅ ጠፍቶ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ መቀስ የተከረከመ ይመስላል። በ1910 የወጣ የሕንፃ ከፍታ ሕግ አለ፣ የፎቁ ቁመት ከፊቱ ካለው መንገድ ስፋት ጋር ተያይዞ ነው የሚወሰነው። ረጃጅም ነገር ካማረሽ ወንዙን ተሻግረሽ ሮዝሊን ነው የምታገኚው፣ እሱ ደግሞ ቨርጂኒያ ነው። ዛፉም ሌላ ነው። በተለይ ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ስትነጂ ዋና ከተማ መሀል መሆንሽን ትረሺዋለሽ። ግን እሱ መንገድ ላይ ጠንቀቅ በይ፦ በሥራ ቀን ጠዋት ፓርክዌዩ በሁለቱም በኩል ወደ መሀል ከተማ ብቻ ይሆናል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ውጪ ብቻ። ለእንግዳ ሰው የሚያስደነግጥ ነገር ነው።

አሁን ዋናው ምክሬ፦ ሰፈር ልታዪ ከሆነ ጂፒኤሱን አጥፊው። የእህቴ ባል እዚህ ለብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል፣ መጀመሪያ ሊያዞረኝ ሲወጣ ገና ከበር ሳንርቅ «እቺን ሴትዮ ዝም አስብላት እስቲ» አለኝ። እውነቱን ነው። እሷ ደቂቃ ልታተርፍልሽ ብላ ቤልትዌዩ (ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና) ላይ ትሰቅልሽና የድምፅ መከላከያ ግንብ ስታዪ ትውያለሽ። ከተማውን ያየሽው ይመስልሻል እንጂ አላየሽውም።

ያለ ጂፒኤስ ደግሞ ዲሲ አይከብድም። ከተማው ካፒቶልን፣ የኮንግረሱን ሕንፃ፣ መሀል አድርጎ በአራት የተከፈለ ነው፦ ኖርዝዌስት፣ ኖርዝኢስት፣ ሳውዝዌስት፣ ሳውዝኢስት። ቁጥር ያላቸው መንገዶች ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሄዳሉ፣ ፊደል ያላቸው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ። ጄ የሚባል መንገድ የለም። ወደ ሰሜን ስትሄጂ ፊደሎቹ ደብሊው ላይ ያልቁና ስሞች ይጀምራሉ፣ እነሱም በፊደል ተራ ናቸው፦ ዩክሊድ፣ ፌርሞንት፣ ጂራርድ፣ ሃርቫርድ፣ ኧርቪንግ። ሲያልቁ ረዘም ባሉ ስሞች እንደገና ከኤ ይጀመራል። ቀጥሎ ደግሞ የዛፍና የአበባ ስም ይመጣል። የቤት ቁጥሩም ራሱ ይናገራል፤ ዋይት ሃውስ 1600 ፔንስልቬንያ ነው፣ 16ኛው መንገድ ጋ ስለሆነ። ይሄ ከገባሽ የትም ጣሉሽ የት መውጫው አይጠፋሽም። አድራሻ ስትቀበዪ ግን መጨረሻ ላይ ያለውን ኤንደብሊው ወይም ኤንኢ የሚለውን ሳትዪ እንዳትነሺ፤ ያው ቁጥር፣ ያው መንገድ ሁለት ሰፈር ላይ ሊኖር ይችላል። አንድ የኛ እንግዳ ለቅሶ ሊደርስ ብሎ የማያውቀው ሰው በር ላይ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሟል።

ሥርዓቱን የሚያበላሹት በክፍለ ሀገሮቹ ስም የተጠሩት በሰያፍ የሚያቋርጡ መንገዶችና አደባባዮቹ ናቸው። ዱፖንት ሰርክል የውስጥም የውጪም ዙር አለው፣ መሀሉ ላይ መብራት አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ዋሻ ያልፋል። አዲስ አበባ የነዳ ሰው አደባባይ አይፈራም ትይ ይሆናል፤ እዚህ ግን ተጋፍቶ መግባት አይሠራም፣ ካሜራ አለ።

አንድ ቀን ብቻ ቢኖርሽ ምን ልይ ካልሽኝ ጆርጂያ አቬኑን ከታች እስከ ላይ ንጂው። ከ9ኛውና ከዩ መንገድ ተነሺ፤ ያ የድሮው የሀበሻ ሰፈር ነው። አሁን ኪራዩ ጣራ ነክቶ ብዙው ሱቅ ለቋል፣ ግን አሁንም የአማርኛ ጽሑፍ መስኮት ላይ ታያለሽ፣ ደጅ ላይ ማኪያቶ ይዘው ስለ ፖለቲካ የሚከራከሩ አባቶች አይጠፉም፣ አንዱ ሁልጊዜ መኪናውን ፍላሸር አብርቶ መንገድ መሀል አቁሞ «መጣሁ፣ መጣሁ!» ይላል። ከዚያ ወደ ሰሜን። እዚያ አጠገብ ያለው 7ኛው መንገድ ስሙን ቀይሮ ጆርጂያ ይሆናል። በቀኝሽ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያልፋል። ቀጥሎ ፔትዎርዝ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ፣ ፊት ለፊታቸው በረንዳ ያላቸው የጡብ ቤቶች። ትኩር ብለሽ እይው፦ አንዱ በር የድሮ ብረት አጥርና አሮጌ ወንበር አለው፣ ጎኑ ያለው ግራጫ ተቀብቶ ጥቁር መስኮት ገብቶለታል። ሰፈሩ በማን እጅ እየገባ እንደሆነ ከቀለሙ ታውቂያለሽ። ከፍ ስትዪ በግራ በኩል በ2011 የተዘጋው የዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል ግቢ አለ፣ አሁን አፓርታማና ሱቅ እየሆነ ነው። ከዚያ ኢስተርን አቬኑን ስትሻገሪ ሜሪላንድ ገባሽ። ያቺ ጠባብ መንገድ ናት ድንበሩ፤ በአንድ በኩል ዲሲ፣ በሌላው በኩል ሌላ ግብር፣ ሌላ ፖሊስ፣ ሌላ ትምህርት ቤት። ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያው ነው፣ እንጀራውም፣ ሥጋ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም። ስትመለሺ በ16ኛው መንገድ ውረጂ፣ ቀጥ ብሎ ዋይት ሃውስ ፊት ለፊት ያወርድሻል፣ ቤተ ክርስቲያን በየዓይነቱ የተደረደረበት ነው።

ጆርጅታውን ለሽርሽር ይሁንልሽ። ኦ መንገድ ላይ በድንጋዩ መሀል የድሮው የከተማ ባቡር ሐዲድ እስካሁን አለ፣ ጎማሽ ሲገባበት መሪው ይንቀጠቀጣል። ቆንጆ ነው፣ ፓርኪንግ የለም፣ ለኛ አይደለም።

ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ «እንዳትሄጂ» የሚልሽ ሰው ብዙ ነው፣ አብዛኛው ራሱ ሄዶ አያውቅም። በቀን ሂጂ። ባርነትን የታገለው የፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት ኮረብታ ላይ አለ፣ ከዚያ ላይ ከተማው በሙሉ ይታይሻል። ኑሪበት አላልኩሽም። ግን ሰው በነገረሽ ብቻ የከተማውን ግማሽ አትሰርዢ።

ቨርጂኒያን ለማየት ደግሞ ከፔንታጎን አጠገብ ተነስተሽ ኮሎምቢያ ፓይክን ያዢ። አርሊንግተን እስከ 1846 የዲሲ አካል ነበር፣ ስትነጂ ግን ሌላ አገር ነው፤ መንገዱ ሰፊ፣ ፓርኪንጉ ነፃ፣ ዳላስን የሚያስታውስሽ እዚህ ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስና ስካይላይን አካባቢ የሀበሻው ሱቅ ብዛት ከዲሲው በልጧል ብል ውሸታም የሚለኝ የለም።

አሁን ገንዘብ የሚያስወጣሽን ልንገርሽ። ዲሲ ውስጥ የሰፈር መንገድ ፍጥነት 20 ነው፣ ሃያ! ካሜራው ከተፈቀደው በ11 ማይልና ከዚያ በላይ ካለፍሽ ከ100 ዶላር ጀምሮ ቅጣት ይልክልሻል፣ የቴክሳስ ታርጋም አያድንሽም። ፓርኪንግ ላይ አንድ ምሰሶ አራት ምልክት ተደራርቦበት ታያለሽ፦ ላይኛው በዚህ ሰዓት ቶው ይደረጋል ይላል፣ ሁለተኛው ለሰፈሩ ነዋሪ ካልሆንሽ ሁለት ሰዓት፣ ሦስተኛው የመንገድ ጽዳት ቀን፣ አራተኛው ዛሬ ለዕቃ ጫኝ ተይዟል። ከላይ እስከ ታች አንብቢ፣ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክትም እዪ። ራዳር ዲቴክተር ካለሽ እዚያው ተዪው፣ ዲሲም ቨርጂኒያም ክልክል ነው። ቴክሳስ 130 መንገድ ላይ 85 የተፈቀደ ፍጥነት ነው አይደል? ቨርጂኒያ ከ85 ካለፍሽ ቲኬት አይደለም፣ ወንጀል ነው፣ ፍርድ ቤት ያስቀርባል። ኢዚፓስም (የመንገድ ክፍያ በራሱ የሚቆርጠውን መሣሪያ) አውጪ። ቨርጂኒያ ውስጥ አውራ ጎዳና 66 ላይ በሥራ ቀን ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ማታ ወደ ውጪ ዋጋው እንደ ትራፊኩ ይወጣል ይወርዳል፤ ሦስት ሰው ሆናችሁ ኢዚፓስ ፍሌክስ የሚባለውን ይዛችሁ ማብሪያውን ካስተካከላችሁ ግን ነፃ ነው።

ግብሩንም አስቢበት። ቴክሳስ የክፍለ ሀገር የገቢ ግብር የለም፣ እዚህ ዲሲም፣ ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም ጋ አለ። ሜሪላንድ የካውንቲውንም ይጨምርበታል። ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ መኪናሽን ገምቶ ግብር ያስከፍልሻል፣ ቴክሳስ በ2025 ያስቀረውን የመኪና ደኅንነት ምርመራም እነሱ አሁንም ያደርጋሉ።

ሰፈር የምትመርጪው ግን በውበቱም በሀበሻ ብዛቱም አይደለም፣ በወንዙ ነው። ሥራ ያለው ከፖቶማክ በየትኛው በኩል ነው? ሜሪላንድ ቤት ገዝተው ባል ቨርጂኒያ ታይሰንስ የሚሠራባቸው ሰዎች አውቃለሁ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው አሜሪካን ሊጅን ድልድይ ላይ ዕድሜያቸው አለቀ። ስለዚህ ስትመጪ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ዞረሽ እንዳትመለሺ። ቅዳሜ ሁሉም ሰፈር ቅርብ ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ከሰባት ተኩል ጀምሮ፣ በአሜሪካ ሰዓት ማለቴ ነው፣ ካሰባችሁት ቤት ደጃፍ ተነስታችሁ እስከ ሥራው በር ንዱ፣ ማታ ደግሞ ተመለሱ። ባለቤትሽ የት አካባቢ እንደሚሠራና ልጆቹ ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ እዚህ ጻፊልን፣ ያኔ ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ የሚለውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይነግርሻል።