የሻምበሏ ዘፋኝ ልብስ

ጥያቄ፦ በ1944 እ.ኤ.አ. ኢጣሊያ ውስጥ ለአሜሪካ ወታደሮች ስለምትዘፍን ድምፃዊት አጭር ትያትር እያዘጋጀን ነው። መጨረሻ ላይ ጀርመኖች ይማርኳታል። «እንዲህ ያሉት ሻምበል ነበሩ» ተብለናል። ትከሻዋ ላይ ማዕረግ እናድርግ?

መልስ፦ ማዕረጉን ተዉት። ወሬው ግን ከመሬት የተነሣ አይደለም። ለአሜሪካ ወታደሮች መዝናኛ በሚያዘጋጀው ድርጅት፣ በዩ.ኤስ.ኦ. ካምፕ ሾውስ በኩል ባሕር ማዶ የሚላኩ ሲቪል ከያንያን የመኮንን ዐይነት የደንብ ልብስ ይለብሱ ነበር፤ የሚሰፋበት ግን የድርጅቱ አርማ ነው። «ሻምበል» የተባለው በወረቀት ላይ ብቻ ያለ አቻ ደረጃ ነው፤ አንድም ወታደር አታዝበትም። የሚጠቅማት በተለይ ከተማረከች ነው። በ1929ኙ የጦር ምርኮኞች አያያዝ የጄኔቭ ስምምነት የተማረከ መኮንን ራሱ ካልጠየቀ ሥራ አይታዘዝም፤ ተራ ወታደር ግን ይታዘዛል።

ልብሱን ለጉዞና ለካምፕ ትዕይንት አድርጉት። ስትዘፍን ቀሚስ ትልበስ፤ ወታደሩ ካኪ አይቶ ጠግቧል።

የምርኮው ትዕይንት ላይ ክብደቱን ለወረቀቱ ስጡ። የስምምነቱ 81ኛ አንቀጽ ጦር ተከትለው የሚሄዱ ሲቪሎችን፣ ለምሳሌ ጋዜጠኞችንና ስንቅ አቅራቢዎችን፣ የጦር ምርኮኛ መብት የሚሰጣቸው ከሚከተሉት ጦር የተሰጠ የፈቃድ ወረቀት ከያዙ ነው። ስለዚህ ጀርመኑ መኮንን ሲጠይቃት እጇ ወደ ኪሷ ይሂድ። ወረቀቱ ከጠፋባትማ ትያትሩ ሌላ ድርሰት ሆነ ማለት ነው!

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ፎቶግራፍ፣ የሁለት ጠቋሚ ጣቶች አሻራና የደም ዐይነት ያለበት 13 በ10 ሳንቲ ሜትር መታወቂያ በ1949ኙ የጄኔቭ ስምምነት የመጣ ናሙና ነው። በ1944 ትዕይንት አይገባም።

ጥያቄ፦ አሜሪካዊው የሙዚቃ ባንድ መሪ ግሌን ሚለርስ? እሱም ሲቪል ነበር?

መልስ፦ አልነበረም። በ1942 ጦሩን ተቀላቅሎ ሻምበል፣ ኋላም ሻለቃ ሆኗል፤ በታኅሣሥ 1944 አውሮፕላኑ የእንግሊዝን ባሕር ሰርጥ ሲያቋርጥ ጠፋ። የኛ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሙዚቀኞችም ከዚሁ ወገን ናቸው፦ የጦሩ አባላት እንጂ እንግዶች አልነበሩም። ሲቪሉ ኮሜዲያን ቦብ ሆፕ ግን ለስንት ዓመት ወታደር ሲያስቅ ኖሮ «የክብር ዘማች» ብሎ የአሜሪካ ኮንግረስ የሰየመው በ1997 ነው።