የሐይቁ ስፋት ስንት ነው? ስለ ቤት ሥራና ስለ መንግሥት ድረ ገጾች ጥያቄና መልስ

የዚህ ዙር ጥያቄዎች ሁሉም ከሐዋሳ የደረሱን ናቸው። ጉዳያቸውም ተመሳሳይ ነው፤ ልጆች የቤት ሥራቸውን በመንግሥት ድረ ገጾች እየታገዙ ሲሠሩ የሚያደናቅፋቸው ነገር። እነዚህ ገጾች ጥሩ ምንጭ መሆናቸውን እናምናለን። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የተጻፉት ለሌላ አገር ልጅ ነውና ወደ ደብተር ከመገልበጣቸው በፊት ጥቂት ሥራ ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ የ6ኛ ክፍል ልጄ የሐዋሳ ሐይቅን ስፋት ጽፋ እንድትመጣ ታዛለች። ኢንተርኔት ላይ አንዱ 90፣ ሌላው 129 ካሬ ኪሎ ሜትር ይላል። የቱን ትጻፍ? (እናት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

በሳይንሳዊ ጥናቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ወደ 90 የሚጠጋው ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ጥቁር ውኃና ዝናቡ ያመጡለትን ውኃ በአብዛኛው የሚያጣው በትነት ነው። ስለዚህ ዝናብ በበዛበት ዓመት ዳሩ ይሰፋል፣ ባነሰበት ይሸሻል። የ40 ካሬ ኪሎ ሜትር ልዩነት ግን በዚህ ብቻ አይመጣም። መቼና በምን እንደተለካ ያልተጻፈበት ቁጥር ከገጽ ወደ ገጽ ሲገለበጥ የሚፈጠር ነገር ነው።

ልጅዎ ራሷ ልትለካው ትችላለች፤ ይህን ብታደርግ ከሁለቱም ቁጥር የተሻለ የቤት ሥራ ይሆናል። የአሜሪካ የጠፈር ተቋም ናሳ «ወርልድቪው» የሚባል ነጻ ገጽ አለው፤ ምዝገባ አይጠይቅም። ካርታውን ወደ ሐዋሳ አቅርቡት፤ ከታች ባለው የቀን መምረጫ ከኅዳር እስከ ጥር ካሉት ቀኖች አንዱን ምረጡ። በሐምሌና በነሐሴ ብትሞክሩ የምታዩት ነጭ ደመና ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ከዚያ የማስመሪያ ምልክቱን ነክታችሁ የስፋት መለኪያውን ምረጡና የሐይቁን ዳር እየተከተላችሁ ነጥብ በነጥብ ዙሩት። መጨረሻው ላይ ሁለት ጊዜ ስትነኩ ስፋቱ ይወጣል።

በወረቀት መሥራት ከመረጠች ደግሞ ምስሉ በ1 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር እንዲሆን አድርጋችሁ አትሙት፤ ርቀት ማሳያው መስመር ምስሉ ላይ አለ። በላዩ 1 ሴንቲ ሜትር በ1 ሴንቲ ሜትር መረብ ታስምርና ሙሉ ካሬዎቹን አንድ፣ ግማሽ ያህል ውኃ ያለባቸውን ግማሽ እያለች ትደምር። የዕለት ምስሎቹ ዝርዝር በአንድ ነጥብ 250 ሜትር ያህል ስለሆነ ዳሩ ደብዘዝ ይላል፤ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ወዲያና ወዲህ ማለቱ አያስደንግጣችሁ። ከውጤቱ ሥር የምስሉን ቀንና የገጹን ስም ትጻፍ። የማንኛውም መምህር ጥያቄ «ከየት አመጣሽው?» ነውና መልሱ እዚያው ይገኛል።

ገጹ ዳታ ይበላል። በዋይፋይ መክፈት ወይም ምስሉን አንድ ጊዜ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ገጽ የመንግሥት መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሁሉም ባንዲራና ዓርማ ለጥፏል። (አባት፣ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

ባንዲራውን ይተዉትና አድራሻውን ያንብቡ፤ ያውም ከመጨረሻው። ከ«ኤችቲቲፒኤስ» ቀጥሎ ካሉት ሁለት ያዘነበሉ መስመሮች (//) በኋላ እስከሚመጣው የመጀመሪያ ነጠላ ያዘነበለ መስመር (/) ድረስ ያለው ክፍል ብቻ ነው የገጹን ባለቤት የሚናገረው። ያ ክፍል የሚያልቀው በ«ነጥብ ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ከሆነ የኢትዮጵያ መንግሥት ነው፤ በ«ነጥብ ጎቭ» ብቻ ካበቃ የአሜሪካ፣ በ«ነጥብ ጎቭ ነጥብ ዩኬ» ከሆነ የብሪታኒያ። ኬንያ ደግሞ «ነጥብ ጎ ነጥብ ኬኢ» ትላለች። «ጎቭ» የሚለው ቃል አድራሻው መሐል ተሰክቶ መጨረሻው «ነጥብ ኮም» ከሆነ የመንግሥት አይደለም፤ አታላዮች ደጋግመው የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው። የቁልፍ ምልክቱም አያረጋግጥም። ቁልፉ የሚናገረው በመንገድ ላይ ሌላ ሰው እንደማያነበው ነው እንጂ ገጹን የከፈተው ሰው ታማኝ መሆኑን አይደለም።

የፈተና ውጤት ለማሳየት የባንክ የሚስጥር ቁጥር ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠመዎ ወዲያው ይዝጉት።

ፍለጋዎን በመንግሥት ገጾች ላይ ብቻ ለመወሰን በመፈለጊያው ሳጥን ከጥያቄዎ ቀጥሎ «ሳይት» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ብለው ይጻፉ። ከሁለት ነጥቡ በኋላ ክፍት ቦታ ከተዉ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ልጄ «ሐዋሳ የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ናት» ብሎ ጽፎ ነጥብ ተቀነሰበት። ያነበበው ግን ከመንግሥት ገጽ ነው። (አባት፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ)

ገጹ ያኔ ትክክል ነበር፤ ሳይታደስ ቀርቶ ነው። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ የተካሄደው ኅዳር 10 ቀን 2012 ነው፤ ክልሉም በሰኔ 2012 ተመሠረተ፤ ሐዋሳ ዋና ከተማው ናት። የቀድሞው የደቡብ ክልልም በ2015 መጨረሻ ላይ በስሙ መኖሩ አብቅቷል። ዛሬ ክልሎች 12 ናቸው፤ 9 የሚል ገጽ ወይም ካርታ ከ2012 በፊት የተዘጋጀ ነው። በገጹ ግርጌ ያለው ዓመት አያታልላችሁ፤ እሱ በራሱ የሚቀየር ስለሆነ ጽሑፉ መቼ እንደተጻፈ አይናገርም። ማየት ያለባችሁ ከርዕሱ ሥር ያለውን ቀን ነው።

የሕዝብ ቁጥርም እንዲሁ ነው። በአገራችን የመጨረሻው ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሐዋሳ የምታገኙት ቁጥር ሁሉ ግምት ነው። አንዳንዱ ከተማዋን ብቻ፣ ሌላው የገጠር ቀበሌዎቹን ጨምሮ ስለሚቆጥር ይራራቃል። ልጁ «ግምት» ወይም «ቆጠራ» የሚለውን ቃል ከቁጥሩ ጎን ይጻፍ።

ጥያቄ፦ የናሳን የልጆች ገጽ እንጠቀማለን። ግን ልጄ ከዚያ የወሰደችው ቁጥር ከመጽሐፏ ጋር አይገጥምም። (እናት፣ ሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

የናሳ «ስፔስ ፕሌስ» ለ2ኛና ለ3ኛ ደረጃ ሳይሆን በተለይ ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የተዘጋጀ ስለሆነ ቋንቋው ቀላል ነው፤ ምርጫችሁ ጥሩ ነው። ችግሩ መለኪያው ነው። አሜሪካውያን ርቀትን በማይል፣ ሙቀትን በፋራናይት፣ ፈሳሽን በጋሎን ይለካሉ። ከምድር እስከ ጨረቃ ያለው አማካይ ርቀት 238,855 ማይል ነው፤ ልጆች ቁጥሩን ወስደው «ኪሎ ሜትር» ይጽፉበታል። ትክክለኛው 384,400 ኪሎ ሜትር ነው። 1 ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር፣ 1 ጫማ 0.3048 ሜትር፣ 1 የአሜሪካ ጋሎን 3.785 ሊትር ነው። የእንግሊዝ ጋሎን ግን 4.546 ሊትር ስለሆነ የገጹ አገር ወሳኝ ነው። ፋራናይትን ወደ ሴንቲግሬድ ለመቀየር መጀመሪያ 32 መቀነስ፣ ከዚያ በ5 ማባዛትና ለ9 ማካፈል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውጤቱ ይበላሻል፤ 77 ፋራናይት 25 ሴንቲግሬድ መሆኑን ይዛችሁ ራሳችሁን ፈትኑ።

መለኪያው ተቀይሮም የማይገጥም ነገር አለ። ገጹ «ውኃ በ212 ፋራናይት ይፈላል» ይላል፤ 100 ሴንቲግሬድ መሆኑ ነው። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውኃ የሚፈላውም በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ቴርሞሜትሩ 94 ቢያሳይ አልተበላሸም። ልጅቷ ሁለቱንም ቁጥር ከነምክንያቱ ብትጽፍ መልሷ ሙሉ ነው።

ሌላው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከመስከረም መባቻ እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ማለትም እስከ ፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ላለው ጊዜ ከእነሱ ዓመት 7 ይቀነሳል፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። ሰው መጀመሪያ ጨረቃን የረገጠው በእነሱ ጁላይ 20 ቀን 1969 ነው፤ በእኛ ሐምሌ 13 ቀን 1961። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና የመጠቀችው ዲሴምበር 20 ቀን 2019 ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012። ወሩ ሳይጠቀስ ዓመት ብቻ ከተሰጠ 7 ይሁን 8 ማወቅ አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ሳይቀይሩ «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ ገጹን በስልኬ ወደ አማርኛ ስተረጉመው ሳይንሱ ይበላሻል። ምን ላድርግ? (እናት፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ)

ማሽኑ የሚስተው በተለይ ብዙ ትርጉም ባላቸው ቃላት ላይ ነው። «ማስ» ቅዳሴ፣ «ሴል» የእስር ቤት ክፍል፣ የኤሌክትሪክ «ከረንት» «ወቅታዊ» ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ» እና «ፓወር» ሦስቱም «ኃይል» ሲባሉ ደግሞ ፊዚክሱ ትርጉም ያጣል። መፍትሔው ሙሉ ገጹን አለመተርጎም ነው። ልጁ አንድ አንቀጽ ብቻ በእንግሊዝኛ ያንብብ፤ ያልገባውን ቃል መጀመሪያ በመማሪያ መጽሐፉ የቃላት መፍቻ ይፈልግ፣ ከሌለ ብቻ ወደ ስልኩ ይሂድ። ያገኘውን በደብተሩ ጀርባ እየመዘገበ ከሄደ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆን ይጠቅመዋል። በሥዕል ላይ የተጻፉ ቃላት ከገጹ ጋር እንደማይተረጎሙም አይርሱ።

ጥያቄ፦ ከቴሌግራም ያወረድነው የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ ልጄ ክፍል ከሚማረው ጋር አይመሳሰልም። የተሳሳተ ነው? (አባት፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ)

ምናልባት የሌላ ክልል ነው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያሉትን መጻሕፍት የሚያዘጋጀው የትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ በአገሪቱ አንድ ናቸው፤ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያሉት ግን የየክልሉ ትምህርት ቢሮ ሥራ ናቸው። የአዲስ አበባ የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ በአማርኛ ስለተጻፈ ብቻ የእናንተ አይሆንም፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተናም የክልል ነው። ሽፋኑ ላይ የቢሮውን ስምና የታተመበትን ዓመት እዩ። ከ2015 በፊት የታተመ ከሆነ የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ የምዕራፍ ርዕሶቹን ከልጁ ደብተር ጋር አስተያዩ፤ ሁለቱ ምዕራፎች እንኳ ካልተገናኙ ሌላ ፈልጉ።

ጥያቄ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ተሰማን፤ በአሜሪካ የጂኦሎጂ ተቋም ካርታ ላይ ግን የለም። ለምን? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሐዋሳ)

ሁለት ነገር አረጋግጪ። ተቋሙ ከአሜሪካ ውጭ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚመዘግበው መጠናቸው 4.5 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን ነው። ከሥርሽ የተነሣ ትንሽ መንቀጥቀጥ ቤት ያነቃንቅና ካርታው ላይ ላይገኝ ይችላል። በስምጥ ሸለቆ ላይ ስለምንኖር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጥር 2008 ሐዋሳን ያናወጠው መጠኑ 5 እንኳ አልሞላም።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ካርታው ሲከፈት የሚያሳየው የመጨረሻዎቹን 24 ሰዓታት ብቻ ሲሆን ሰዓቱም የዓለም መነሻ ሰዓት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመቀየር 3 ቀንሺ (ሰዓቱ ከ3 ካነሰ መጀመሪያ 12 ጨምሪበት)፤ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሺ። 20፡10 የሚለው ከምሽቱ 5፡10 ነው። ከ21፡00 በኋላ ያለው በእኛ ከእኩለ ሌሊት ያለፈ ስለሆነ የፈረንጁ ቀን በአንድ ይጨምራል። የቆየ መንቀጥቀጥ ከፈለግሽ በፍለጋ መዝገቡ ላይ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር አስገቢ። በ2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሱት እዚያ አሉ፤ ለፕሮጀክት ግሩም ርዕስ ይሆናሉ።

ጥያቄ፦ የናሳን ፎቶ ለግድግዳ ጽሑፍ ብንጠቀም እንጠየቃለን? (የሳይንስ ክበብ መምህር)

አትጠየቁም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው የሚያዘጋጁት ሥራ በዚያው አገር ሕግ የቅጂ መብት የለበትም። ከፎቶው ሥር የሌላ ድርጅት ወይም የግለሰብ ስም ካለ ግን ያ የመንግሥት ላይሆን ስለሚችል ሌላ ምረጡ። የናሳን ዓርማም ለክበባችሁ መለያ አታድርጉት።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ገጽ ያወረድነው ተቆርጦ የሚለጠፍ ሞዴል ስናሳትመው ዳሩ ይቆረጣል። (እናት፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

የእነሱ ወረቀት 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ እዚህ የምንጠቀመው ኤ4 ደግሞ 21 በ29.7። በወርዱ 6 ሚሊ ሜትር ስለሚጎድል ጠርዙ ይቀራል። ለማተሚያ ቤቱ ልጅ «ከወረቀቱ ጋር አመጣጥነው» ይበሉት፤ ሞዴሉ በጥቂቱ ያንሳል እንጂ ክፍሎቹ እርስ በርስ ይገጥማሉ። ብዙ ገጽ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜና በአንድ መጠን ያሳትሙ፤ አንዱ ገጽ ተመጣጥኖ ሌላው እንዳለ ከታተመ ማጣበቂያው ላይ አይገናኙም። ቀለም ካለው አንድ ገጽ በጥቁርና ነጭ ይሞክሩ፤ ክፍሎቹ በቀለም ብቻ የተለዩ ከሆነ ከመቆረጡ በፊት በእርሳስ ቁጥር ይጻፉባቸው።